የያምሮት ነጥብ

ያምሮት ነበር እኔ ያወጣሁላት፤
ትምህርት ቤት ስትገባ አስተማሪዋ ጫፉን ቆርጣ «ያም» ብላ ጠራቻት።
«በእኛ አፍ ባሕር ማለት ነው፣ ያምራል» አሉኝ፤
ሳቅሁና ፈረምሁ። ምን ልሁን፣ ማን አማከረኝ።

እነሆ በሃያ ስድስት ዓመቷ
ሞግታ ረትታኝ፣ ስንቅ እንኳ ሳትይዝ ከቤቷ፣
«ስኑኒት» የምትባል ባለሸራ ጀልባ፣ ዋኖስ እንደማለት፣
ገመድ ልትጎትት፣ ወጥ ልትሠራ ገባችባት።
ማክሰኞ ማታ ከሃይፋ ወደ ቀርጤስ ወጡ።

ኢታይ የጎረቤቴ ልጅ፣ ጥርሱን በሽቦ ያሳሰረ፣
ኮምፒውተሬን ከፍቶ ምድርን እንደ ብርቱካን አሽከረከረ፤
ባሕሩ መሐል አንዲት ቢጫ ነጥብ አሳየኝ።
«አባ ያየህ፣ ስኑኒት ይቺ ናት። እያት እንጂ አትንካት» አለኝ።

አልነካኋትም።
ሳህኔን ይዤ ፊቷ ተቀመጥሁ።
ቤቴ ቂርያት ያም ነው፣ አራተኛ ፎቅ፤ ባሕሩ በመስኮቴ ሞልቶ ሳለ
ለእውነተኛው ጀርባዬን ሰጥቼ በመስተዋቱ ላይ አፈጠጥሁ።

ሳተላይቱ ከላይ ሆኖ ሁሉን ያያል ይላሉ፤
ማዕበሉን ግን እንደ ጨርቅ ተኩሶታል፣ ሰማያዊ ነው ሁሉ።
ባጎላው ይደበዝዛል። ዓሣ የለ፣ ነፋስ የለ፣
ልጄን አስመልሷት እንደሆን የሚነግረኝ የለ።
ኢታይ በኪሎ ሜትር ያሰላል፤ እኔ በጣቴ፦
ከቆጵሮስ አንድ ጥፍር፣ ከሮድስ ሁለት አንጓ፣ ከቤቴ፣
ከቤቴ አንድ ስንዝር።

እኛንም አንድ ሌሊት ጫኑን ከሱዳን ዳርቻ፣
«ዝም በሉ» ተብለን፣ በጎማ ጀልባ፣ ሃያ አንድ ነፍስ በአንድ ትንፋሽ ብቻ።
ከወንዝ የሰፋ ውሃ አይቶ የማያውቀው አጎቴ ስንሻው
በጆሮዬ «ይህን ሜዳ» አለኝ፣ «ምንድን ነው እንዲህ የሚያስተነፍሰው?»
ያኔ ቢጫ ነጥብ አልነበረንም።
እናቴ ወገራ ላይ ሁለት ክረምት ሙሉ ሞቼ ይሁን ኖሬ አላወቀችም፤
እህል ስትሰፍር ግን የእኔን እፍኝ አላስቀረችም።

ሐሙስ ነጥቧ ቆመች።
ዓርብም እዚያው፣ እንደ ምስማር።
ሰንበት ገባ። አልነካሁም፣ አልከፈትሁም፤
ዓርብ ሳላጠፋው መሸብኝ እንጂ። ረስቼ ነው ወይስ አውቄ፣ እሱ ይፍረድ።
ግድግዳው ሌሊቱን ሁሉ ሰማያዊ ሆኖ አደረ።
እኔም ቆሜ «ፈቀቅ በይ» እላታለሁ፣
«ያምሮቴ፣ ፈቀቅ፣ አንዲት ጥፍር።»

እሑድ ጎሕ ሲቀድ ፈቀቅ አለች።
ብቻዬን እልል አልሁ። ወንድ ሆኜ፣ በዚህ ዕድሜዬ።
ከታች ያለችው ሩሲያዊት ጣሪያዋን በመጥረጊያ እንጨት ደበደበች።

ሰኞ በሰው ስልክ ደወለች፤ የእሷ ባሕር ገብቷል።
«አባ፣ አንድም ቀን አልቆምንም፣ ነፋሱ ደግ ነበር» አለች፣ «መዳፌ ብቻ ተልጧል።»
ኢታይ ሽቦውን በምላሱ እየነካ አንገቱን ደፋ፤
ስኑኒት ሁለት ኖረዋል። ያቺ ማዳበሪያ የጫነች፣ መንገድ ላይ ሞተሯ የጠፋ
ዝገታም መርከብ ናት፣ ወደ ናፖሊ።

ስንቱን ምርቃት ነው ለማላውቀው ሰው ያፈሰስሁት!
«መልሱልኝ» አይባል። ምርቃት ዱቤ አይደል።

ኢታይ ነጥቧን አስተካከለልኝ።
የእኔዋ ወደብ ውስጥ ናት፣ ታስራ፣ ደህና።
ሲመሽ ግን ጣቴ እምቢ ይለኛል፣ ወደዚያችኛዋ ይሄዳል፤
ማን እንዳለባት እንጃ።
ሞተሩን በዘይት እጁ ፈትቶ የገጠመ አንድ ልጅ አይጠፋም፣
የሆነ አገር እፍኙን የምትሰፍርለት ያለችው።

ትናንት ሌሊት ናፖሊ ገባች።
ስልኩን አነሣሁ።
ደረሰች ብዬ ለማን ልደውል?